ታይናን ያዋጣል ወይ ላልሽው

«ኅዳር ላይ ለሥልጠና ታይፔ እሄዳለሁ፤ ሁለት ቀን ትርፍ አለኝ። ታይናን የሚባል የድሮ ከተማ አለ ሲሉኝ ሰማሁ። መሄድ ያዋጣል ወይስ ታይፔን ልዙር? ምግቡስ?» ላልሽው እህቴ፣ ሁለት ዓመት እዚያው ታይዋን፣ ታይናን ከተማ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ወገንተኛ ነኝ፤ ከአሁኑ ይታወቅልኝ። መልሴ ሂጂ ነው፤ ግን እዚያው እደሪ። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ብዙ ያስቀርብሻል። ለምን እንደሆነ ምግቡ ጋ ስንደርስ ይገባሻል።

መጀመሪያ መንገዱ። ከታይፔ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። እኔ የሠራሁትን ስህተት ግን እንዳትደግሚው። «ታይናን» የሚል ጣቢያ ወረድኩና ከተማው ጠፋኝ። ሰፊ ሜዳ፣ ሰፊ መንገድ፣ ሌላ ምንም የለም። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በእግሬ ልፈልገው ተነሥቼ ነበር። ለካ የፈጣኑ ባቡር ጣቢያ ያለው ከከተማው ውጭ ነው። እዚያው አጠገቡ ሌላ ትንሽ ባቡር አለ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መሀል ከተማ ያደርስሻል።

ወደ ታሪኩ ስንገባ፣ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። (በነገራችን ላይ ታይዋኖችም የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። 1912ን አንድ ብለው ነው የሚጀምሩት። ሱቅ ገብቼ ወተት ላይ 107 የሚል ቀን ሳይ ደንግጬ ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ግራ የሚያጋባ ዓመተ ምሕረት ያለን እኛ ብቻ አይደለንም።)

ስለ ታይናን አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ሂጂ ብባል የምነግርሽ ይሄን ነው፦ ባሕሩ ሸሽቷል። ይሄ ካልገባሽ ከተማዋ የተበታተነ ቤተ መቅደስና የድሮ ግንብ ትሆንብሻለች። እኔ ራሴ ወራት ፈጅቶብኛል።

በ1624 የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰዎች ሲመጡ፣ ዛሬ ከተማዋ ያለችበት ምዕራባዊ ወገን ውኃ ነበር። በአሸዋ ደሴቶች ከክፍት ባሕሩ የተከለለ፣ ሐይቅ የሚመስል ጥልቀት የሌለው ባሕር። አንዱ የአሸዋ ደሴት ላይ ዜላንዲያ የሚባል ምሽግ ሠሩ። ቦታው ዛሬ አንፒንግ ይባላል። በ1652 የቻይና ገበሬዎች ሲያምፁባቸው ደግሞ፣ በዓመቱ ከውኃው ወዲህ ማዶ በየብሱ ጠርዝ ላይ ፕሮቪንሺያ የተባለ ሁለተኛ ምሽግ ጨመሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በጀልባ ነበር።

ዛሬ በአውቶቡስ ነው። ወንዞቹ ደለል ሲያመጡ ኖሩ፤ በ1823 የመጣ ከባድ ማዕበል ደግሞ ያንን ባሕር በአንዴ ደፈነው። ፕሮቪንሺያ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ቺካን የሚባል የቻይና ጣሪያ ያለው ቤት ቆሟል። ደጁ ላይ ቆመሽ ባሕሩን ብትፈልጊ የምታይው ሞተር ሳይክል ብቻ ነው።

ሆላንዶቹን ያስወጣቸው ኮሺንጋ የሚባል የጦር መሪ ነው። አባቱ ቻይናዊ ነጋዴም የባሕር ወንበዴም፣ እናቱ ጃፓናዊት። የተወለደው ጃፓን ውስጥ፣ በዚያው ሆላንዶቹ በመጡበት በ1624 ነው። በ1661 በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ይዞ መጣ። ሆላንዶቹ ጥልቀት የለውም ብለው ችላ ባሉት መግቢያ፣ ባሕሩ ሲሞላ ጠብቆ ሰተት ብሎ ገባ። ፕሮቪንሺያ በጥቂት ቀን እጅ ሰጠ። ዜላንዲያ ግን ዘጠኝ ወር ተከቦ ቆየ። በ1662 የካቲት ላይ ገዢው ኮየት ምሽጉን አስረክቦ ወጣ። ኮሺንጋም ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ቤተ መቅደስ አለው፤ ዕጣን ያጨሱለታል። እኔ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲም በስሙ ነው የሚጠራው።

በልጁ ዘመን፣ በ1665፣ የኮንፊሽየስ ቤተ መቅደስ ተሠራ። በሩ ላይ «የታይዋን የመጀመሪያው ትምህርት ቤት» የሚል ሰሌዳ አለ። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ስፖርት ይሠራሉ፤ ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቁጭ ብትይ ማንም ምንም አይልሽም። ከዚያ ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥት በ1683 ደሴቱን ያዘ፤ ታይናንም ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ዋና ከተማ ሆነች። ታይፔ ገና የትናንት ናት። ታይናን ሰው ፊት ግን እኔ እንዲህ አልኩ እንዳትይ፤ ከጀመሩ አያቆሙም።

አንፒንግ ስትደርሺ ሁሉም ሰው ኮረብታው ላይ ያለውን ነጭ ማማ ፎቶ ሲያነሣ ታያለሽ። እሱ በኋላ የተሠራ ነው። የሆላንዶቹን ከፈለግሽ ከታች ያለውን አሮጌ ቀይ የሸክላ ግንብ ፈልጊ። ሸክላውን ያያያዙት በስኳር ሽሮፕ፣ በሚያጣብቅ ሩዝና በተፈጨ ዛጎል ነው። ሲሚንቶ የለም። ሥሩን የዘረጋ ዛፍ ግንቡን እንደ እጅ ጨብጦት ይታያል። እጄን ጫን አድርጌ ቆምኩና፣ ይሄ ከተሠራ ብዙም ሳይቆይ አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ግንብ አሠሩ ብዬ አሰብኩ። ምሽጉ ያለቀው በ1634 ነው፤ ዘመኑ ገጠም ነው የሚል።

እዚያው አጠገብ «የዛፍ ቤት» የሚሉት አለ። የእንግሊዝ ነጋዴዎች መጋዘን ነበር፤ ሰው ሲተወው የዋርካ ዘመድ የሆነ ዛፍ ጣሪያውንም ግድግዳውንም ዋጠው። ልጆች ካሉሽ ፎቶውን ላኪላቸው።

ጃፓኖች ደሴቱን የገዙት ከ1895 እስከ 1945 ነው። ከዚያ ጊዜ ሃያሺ የሚባለውን በ1932 የተከፈተ ትልቅ ሱቅ እዪ። የድሮ አሳንሰሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ጣሪያው ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አውሮፕላኖች የመቱት ቦታ ሳይጠገን ተትቷል። ትንሽ ራመድ ስትይ ደግሞ አደባባይ ላይ ያለ መናፈሻ አለ፤ ታንግ ተ-ቻንግ በሚባል ጠበቃ ስም የተሰየመ ነው። በ1947 መጋቢት፣ ሕዝቡ ከጃፓኖች በኋላ በመጣው የቻይና መንግሥት ላይ ከተነሣ በኋላ፣ እዚያው ሕዝብ ፊት በጥይት የገደሉት ሰው ነው። እኔ ወር ሙሉ በየቀኑ አልፌው ስሄድ አላወቅኩም ነበር።

አሁን ምግቡ፤ ማደር አለብሽ ያልኩበት ምክንያት። የታይናን የበሬ ሾርባ የሚጠጣው ንጋት ላይ ነው። በሬው ሌሊት ይታረዳል፤ ሥጋው ማቀዝቀዣ ሳያይ ሱቅ ይደርሳል። በስሱ ይቆርጡትና ጥሬውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ያደርጉታል፤ ከዚያ የፈላ መረቅ ከላይ ያፈሱበታል። ፊትሽ ሲቀርብ ገና ቀላ ያለ ነው፤ በደንብ ለብለብ የሆነ። ክር ክር ተደርጎ የተቆረጠ ዝንጅብል ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ቀን በፕላስቲክ ወንበር ላይ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ስበላ፣ ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ጥሬ ሥጋ የሚፈራ ፈረንጅ ጓደኛዬ አጠገቤ ሳህኑን ሲያማስል ነበር፤ እስኪበስል እየጠበቀ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። አብሮ የሚሰጠው ሩዝ ላይ ብዙ ጊዜ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ይጨምሩበታል። «ቡ ያው ጁ-ሮው» በያቸው፤ የአሳማ ሥጋ አልፈልግም ነው። ዳንዛይ የሚሉት ዝነኛ ኑድልም ላይ አለበት።

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ከሆነ የምትሄጂው፣ ሾርባውን እርሺውና «ሱ» የሚባል ምግብ ቤት ፈልጊ። የቡድሃ እምነት የሚከተሉ ሰዎች የጾም ቤት በየሰፈሩ ነው። እንቁላልና ወተት እንዳይገባ «ጭዌን ሱ» በይ። በዚህኛው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም፤ ከእኛ ይብሳሉ። ግን ሁሉም ነገር ጣፋጭ ነው። ስኳር ከድሮም የአካባቢው ሀብት ስለሆነ ወጡም ስኳር ስኳር ይላል። እኔ በርበሬ በፌስታል ይዤ ነበር የምዞረው፤ አላፈርኩም።

ማታ ሸንኖንግ መንገድ ሂጂ። ጠባብ ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ የድሮ የእንጨትና የሸክላ ቤቶች፣ ቀይ ፋኖሶች። የነጋዴዎች ሰፈር ነበር፤ ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባ የሚያስገቡ ቦዮች ቆፍረው ሥራቸውን የቀጠሉት እዚህ አካባቢ ነው። አንዲት ትንሽ ካፌ ገብቼ ባለቤቱ የቡና ዝርዝር ሲያሳየኝ «የጃ-ሽዌ-ፌይ» አለኝ። ሦስቴ አስደግሜው ነው የገባኝ፦ ይርጋጨፌ! ከዚያ ነው የመጣሁት ስለው ከረጢቱን አውጥቶ እንዳሸተው ሰጠኝ። ጠብ ጠብ እያደረገ አፈላልኝ። ስኳር የለም፣ ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል። አቦል አትጠብቂ፤ ግን ደስ ይላል።

ኅዳር ጥሩ ወር ነው፤ ሙቀቱም ዝናቡም ጋብ ብሏል። ትልቁን ሻንጣ ግን ታይፔ ተይው። በድሮው ሰፈር የእግረኛው መንገድ ላይ ሞተር ሳይክል ተደርድሮበታል፤ ጎማ ያለው ሻንጣ አያልፍም። ይሄንንም በራሴ ነው ያየሁት።