ልብ ቀዝቅዞ መጸለይ ግብዝነት ነውን? ለእኅታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን፣ እኅቴ። ስለ አንድ ጉዳይ ለዓመታት ጸልየሽ መልስ እንዳላገኘሽ፣ አሁን ለጸሎት ስትቆሚ ቃሉ ከአፍሽ እንጂ ከልብሽ እንደማይወጣ፣ ይህም ግብዝነት እንዳይሆንብሽ ሰግተሽ ጸሎቱን ለመተው እንደ ቃጣሽ ጽፈሻል። ጉዳዩን አልገለጽሽውም፤ መግለጽም አይጠበቅብሽም። እኔ ካህንም የመጻሕፍት መምህርም አይደለሁም። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ፣ አንድን ልመና ለረጅም ዘመን ይዤ የቆየሁ ምእመን ነኝና የምመልስልሽ በደረሰብኝ ልክ ነው።

አስቀድሜ ግብዝነት ስላልሽው ልናገር፤ በዚህ አሳብ ተይዘው ጸሎታቸውን የተዉ ሰዎች አውቃለሁና። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ግብዞች ያላቸው ለሰው ይታዩ ዘንድ በምኵራብና በአደባባይ ቆመው መጸለይ የሚወዱትን ነው። ልባቸው የቀዘቀዘባቸውን ግብዞች ብሎ አልጠራቸውም። ማንም ሳያያት ገና ሳይነጋ ተነሥታ፣ መዝጊያዋን ዘግታ፣ አንዳች ሳይሰማት «አባታችን ሆይ» የምትል ሴት ለማን ልትታይ ነው? ልብ በሞቀ ጊዜ መጸለይ ማንንም አያስቸግርም። ታማኝነት የሚፈተነው ልብ እንቢ እያለ ሰዓትን አክብሮ በመቆም ነው፤ አንቺም ይህን ለዓመታት እያደረግሽ ራስሽን ግብዝ ማለትሽ አሳዝኖኛል።

የእኔ ልመና ስለ ታናሽ ወንድሜ ነበር። አባታችን ካረፉ በኋላ በአጋሮ መንገድ ባለን የቡና መሬት ክፍፍል ተጣላን፤ ሽማግሌ ቢላክም አልሆነም፤ በመጨረሻ ሰላምታ እንኳ ቀረ። በየማለዳው «ልቡን መልስልኝ» እል ነበር፤ እየቆየ ግን የምለው ቃል አለቀብኝ። ያን ጊዜ የደገፈኝ ዳዊት መድገም ነው። የጅማ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የራስን ድምፅ እንኳ አያሰማም፤ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስሁ የደገምሁባቸው ማለዳዎች ብዙ ናቸው። እንደምታውቂው መዝሙረ ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ ይደገማል። ሰኞ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው 12ኛው መዝሙር ይደርሳል፤ ሐሙስ ደግሞ 87ኛው። ይህ መዝሙር በጩኸት ጀምሮ በሐዘን የሚያልቅ ነው፤ እንደ ሌሎቹ የኀዘን መዝሙሮች ወደ መጨረሻው በምስጋና አይዞርም። አባቶቻችን ከዕለታዊው ጸሎት አላወጡትም፤ የደስታም ይሁን የሐዘን ሐሙስ ይደገማል። ከዚህ የተረዳሁት፣ እግዚአብሔርን «የት አለህ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ጸሎት መሆኑን ነው። የራስሽ ቃል ሲያልቅ በዳዊት ቃል ማልቀስ ይቻላል።

ቃሉን በመደጋገምሽም አትጨነቂ። ጌታችን በከንቱ መድገምን ቢከለክልም፣ እርሱ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ጊዜ ሲጸልይ ያንኑ ቃል መድገሙን ወንጌላዊው ማቴዎስ ጽፎልናል።

ብዙዎቻችን የምንሰናከልበት ሌላው ነገር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተነገረው የመበለቲቱና የዳኛው ምሳሌ ነው። ምሳሌው የተነገረው ሳይታክቱ ዘወትር መጸለይ እንደሚገባ ለማስተማር መሆኑን ወንጌሉ አስቀድሞ ይነግረናል፤ እኛ ግን እግዚአብሔርን በዚያ ዳኛ ቦታ አስቀምጠን፣ ካልጨቀጨቅነው የማይሰጥ አድርገን እናስበዋለን። ዳኛው እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ነበር፤ ጌታም ያነሣው እንዲህ ያለው ሰው እንኳ ከፈረደ፣ እግዚአብሔርማ ሌትና ቀን ወደ እርሱ ለሚጮኹት እንዴት አይፈርድላቸውም ለማለት ነው። አባት ለሆነ አምላክ የሚቀርብ ልመናና ለዐመፀኛ ዳኛ የሚቀርብ አቤቱታ በአንድ ልብ አይቀርቡም። ደጋግመሽ ስትለምኚ የምትለምኚው የሚወድሽን መሆኑን ከረሳሽ፣ ጸሎቱ ድካም ብቻ ይሆንብሻል።

በእኔ ላይ የሆነውን ልቀጥል። በየቀኑ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ይቆም ጀመር። ቃሉ ያው ነው፤ በቆይታ ብዛት ግን ወደ እኔ ዞረ፤ «ልቡን መልስልኝ» የነበረው ልመናዬም «ልባችንን መልስልን» ሆነ። በዚያው ዓመት ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ፣ ክርክር ካለበት መሬት የተገኘውን ገንዘብ እኩሌታ ቆጥሬ፣ እርሱ ሳይጠይቀኝ በአንድ ሽማግሌ እጅ ላክሁለት። ተቀበለ፤ ቃል ግን አልመለሰም። የጸሎቱ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ከዚያ በኋላ ነበር፤ የምችለውን አድርጌ ምንም አልተለወጠምና። በእናታችን ተዝካር ቀን መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ሊሄድ ሲነሣም ጉንጬን ሳመኝ። የመሬቱ ጉዳይ ዛሬም በሽማግሌዎች እጅ ነው። የለመንሁት ሁሉ እንደ አሳቤ ተፈጽሟል አልልሽም።

ለአንቺም እንደ እኔ ይሆንልሻል ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ሐናን ግን ልብ ብለሽ እንድታነቢያት እለምንሻለሁ። በየዓመቱ ወደ እግዚአብሔር ቤት ስትወጣ ታለቅስ ነበር፤ እህልም አትቀምስም ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ስላልተሰማ ካህኑ ዔሊ ሰካራም መሰለችው። በመጨረሻ እርሱ «በሰላም ሂጂ» ብሎ ሲያሰናብታት፣ ሄዳ በላች፤ ፊትዋም ከዚያ ወዲያ ያዘነ መስሎ አልታየም። ይህ ሁሉ የሆነው ሳሙኤልን ከመፅነሷ በፊት ነው። ጉዳይዋን በእግዚአብሔር ፊት አፍስሳ ስለ ነበር፣ ባዶ እጇንም ሆና መብላት ቻለች።

ልቀጥል ወይ ላልሽው፣ ቀጥዪ፤ ሥርዓቱን ግን በአቅምሽ ልክ አድርጊው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን የጽናት ገድል እየሰማን አድገን፣ ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት በአንድ ቀን እንጀምርና በሳምንቱ ሁሉንም እንተዋለን። አንድ ሰዓት ምረጪ፤ የዘወትር ጸሎትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ፤ ከዳዊትም የቻልሽውን ጨምሪ። ጅማ የሱብሒ አዛንና የኪዳን ደወል ተቀራርበው የሚሰሙባት ከተማ ናትና፣ እኔ የምነሣበትን ሰዓት የማስተካክለው በእነርሱ ነው። ስለ ጉዳይሽ የምትለምኚውን በመጨረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልለሽ አቅርቢው። ልብሽ ካልተከተለሽም ሳታስረዝሚ፣ ሳታሳጥሪም በልኩ ጨርሰሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ።

ይህን ድካም ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ለብቻሽ የተሸከምሽው ይመስለኛል። ፈቃድሽ ከሆነም የክርስትና ስምሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ጉዳዩን ሳልጠይቅሽ በጸሎቴ አስብሻለሁ።