ጥያቄና መልስ፦ የአሮጌ ፎርድ ጣራ ከሌላ መኪና በተቆረጠ ላሜራ መድፈን

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ እዚህ አሜሪካ ሆት ሮድ (ሞተሩና ቦዲው የተቀየረ አሮጌ መኪና) ለመሥራት አሮጌ ፎርድ እንደገዛችሁ አውቃለሁ። መሃሉ በጨርቅ ስለተሸፈነው ጣራቸው የምትጠይቁት ስለበዛ ዛሬ ጥያቄ ጣሉ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር፦ የበሮቹን ክፍተት ከውስጥ በብረት ሳታስሩ ጣራውን አትንኩ። ቦዲው ከተጣመመ በር አይገጥምም።

ከዳላስ፦ ጋሼ፣ ፎርድ የጣራውን መሃል ለምን በጨርቅ ሸፈነው? ገንዘብ ለመቆጠብ ነው?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት የጊዜው አቅም ነው። ሞዴል ኤ የተባለው ፎርድ ሲሠራ፣ ከ1928 እስከ 1931 ማለት ነው፣ ሙሉ ጣራ የሚያህል ሰፊ ላሜራ እንደ ልብ አይገኝም። እሱን በአንድ ጊዜ የሚቀርጽ ትልቅ የብረት መጫኛ ማሽን (ፕሬስ)ም እንደዚያው። ስለዚህ ዙሪያውን በብረት ሠሩና መሃሉን ክፍት ተዉት። እንጨት አጋደሙበት፣ የሽቦ መረብ ዘረጉ፣ ጥጥ አነጠፉ፣ በመጨረሻ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ አለበሱት። የፎርድ ተፎካካሪ የሆነው ጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) በ1935 ሞዴሎቹ ላይ "ተሬት ቶፕ" ያለውን ወጥ የብረት ጣራ አወጣ። ፎርድ እስከ 1936 በጨርቁ ቆይቶ በ1937 ወደ ብረት ገባ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ያ የሽቦ መረብ የሬዲዮ አንቴናም ሆኖ መሥራቱ ነው። ጣራው ብረት ሲሆን አንቴናውን ከበሩ ስር ካለው መረገጫ ስር እስከ መቅበር ደረሱ። ጨርቁ ግን ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ያስገባል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ሰዎች በብረት መድፈን የጀመሩት ለዚህ ነው።

ከሲያትል፦ የ1932 ፎርድ አለኝ። የየትኛው መኪና ጣራ ይሻለኛል?

መልስ፦ የመኪናውን ስም ትተህ ጉብጠቱን ፈልግ። ጣራ ከፊት ወደ ኋላም፣ ከግራ ወደ ቀኝም ይጎብጣል። ሁለቱም ከአንተ መኪና ጋር ካልተስማሙ ላሜራው ነጻ ቢሆን እንኳ አይጠቅምህም። በጣም ዝርግ ከሆነ መሃሉ ይሰምጣል፣ መንገድ ላይ እንደ ከበሮ ይጮኻል። በጣም ከጎበጠ ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃል። ወፍራም ካርቶን ውሰድና የጣራህን ቅርጽ በቁመትም በወርድም ቁረጥ። ያንን ይዘህ ጃንክያርድ (የተጣሉ መኪኖች ግቢ) ግባ። ካርቶኑን ጣራው ላይ አቁመህ ብርሃን የሚያልፍበትን ቦታ እይ። ድሮ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ረጃጅም ስቴሽን ዋገኖች ነበሩ የሚፈለጉት፤ ጣራቸው ሰፊና ለስላሳ ነው። ዛሬ እነሱም ራሳቸው ተፈላጊ ሆነዋል። ከትልልቅ ኤስዩቪና ከሚኒቫን መቁረጥ ይቻላል፤ ግን ብዙዎቹ የተረገጠ መስመር አላቸው፤ እሱን ማቃናት አድካሚ ነው። ሰንሩፍ ያለውን እለፈው። ማግኔትም ያዝ፤ የማይስበውን ላሜራ ተው። ከ2015 ወዲህ የወጣው ፎርድ ኤፍ-150 ቦዲው አሉሚኒየም ነው፤ ከብረት ጋር አይበየድም።

ከሂውስተን፦ ስለ ጣራ ትንሽ ቢያብራሩልን።

መልስ፦ የጣራው ምኑን? ሞዴሉን፣ ዓመቱንና የክፍቱን ልክ ጽፈህ ተመለስ።

ከሚኒሶታ፦ ጋሼ፣ ጃንክያርድ ውስጥ በምን ልቁረጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመሣሪያው በፊት የመኪናውን ዓመት እይ። አዳዲሶቹ በጣራው ጠርዝ ውስጥ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ኤርባግና የታመቀ ጋዝ የያዘ ሲሊንደር አላቸው። በመጋዝ ብትነኪው ሊፈነዳ ይችላል። ባትሪው ይነቀል፣ የውስጥ ልባሱ ይውረድ፣ ሲሊንደሩ የት እንዳለ በዓይንሽ እይ። ከዚያ ከሚያስፈልግሽ በየጎኑ አምስት ሴንቲሜትር ጨምረሽ ቁረጪ።

ከአትላንታ፦ ልበይደው ወይስ ላጣብቀው?

ከዴንቨር፦ እኔ በቦዲ ማጣበቂያ ነው የሠራሁት። ሙቀት የለ፣ መጣመም የለ። ብየዳ የድሮ ነገር ነው።

ከቨርጂኒያ፦ ማጣበቂያው መስመሩን ከቀለም በላይ ያሳያል፣ በተለይ ፀሐይ ላይ። ደግሞ ለምን ይደፈናል? ዘጠና ዓመት የቆየ መኪና ነው። እንጨቱና ጨርቁ እንደነበረው ይታደስ እንጂ!

ከዴንቨር፦ ሞተሩ ተቀይሮ፣ ፍሬኑ ተቀይሮ፣ ጣራው ላይ ሲደርስ ነው ቅርስ የሚሆነው?

ከቨርጂኒያ፦ ሞተር ይመለሳል። የተቆረጠ ጣራ አይመለስም።

መልስ፦ በቃ፣ ሁለታችሁም ይብቃችሁ። ያልተነካ መኪና ያለው ሰው አይቁረጥ፤ በዚህ ከቨርጂኒያው ጋር ነኝ። የበሰበሰና የተቆራረጠ ቦዲ ያለው ግን ይድፈን። ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ እኔ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሜ እበይዳለሁ። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ ጠርዙን በሁለቱም በኩል ፍቀህ ብረቱን አውጣ፤ የዚንክ ጭስ ያሳምማል። ነጥብ ነጥብ ጣል። አንዱን ከፊት፣ ቀጣዩን ከኋላ፣ ሌላውን ከጎን። እጅህን አሳርፈህበት ካላስቻለህ ቆም በል። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ላሜራውንም ይስባል። ስለዚህ ከስር ደጋፊ ብረት ይዘህ በመዶሻ ቀስ እያልክ ዘርጋው። በአንድ ትንፋሽ ረጅም መስመር የበየደ ሰው ቀሪውን በስቱኮ ሲሞላ ይከርማል። በሮቹንም እሰሩ ብያለሁ።

ከላስ ቬጋስ፦ ጨርሻለሁ፣ ግን መሃሉን ስጫነው ቶክ ብሎ ይገባል፣ ስለቀው ይወጣል።

መልስ፦ ወይ ጠርዙ በሙቀት ተኮማትሯል፣ ወይ ጉብጠቱ ከመጀመሪያውም አልገጠመም። መጀመሪያ ብየዳውን በመዶሻ ዘርጋ። ካልተስተካከለ መሃሉን በሙቀት ማሳጠር ይቻላል፤ እሱ ግን የለመደ እጅ ይፈልጋል። እንጨቱን አውጥተህ ከሆነ ከስር የጎበጡ የብረት ቱቦዎች አጋድም። ከላሜራው ጋር እንዳትበይዳቸው፤ በመሃል ጥቂት ሚሊሜትር ትተህ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማሸጊያ ሙላበት። ድምፁንም ይቀንሳል።

ከኦክላንድ፦ ለ1934 ፎርድ የየትኛው መኪና ጣራ ይሻላል?

መልስ፦ ለሲያትሉ የመለስኩትን አንብብ። ካርቶን!

ከቺካጎ፦ የላሜራው ውፍረት?

መልስ፦ የድሮው ወደ አንድ ሚሊሜትር ይጠጋል። የአዲሶቹ ይሳሳል፣ ቶሎም ይበሳል። የብየዳውን ኃይል ቀንስ።

ከቺካጎ፦ ቀለሙስ ስንት ያስወጣል?

መልስ፦ ቀለም ቀቢ ጠይቅ።

ከአዲስ አበባ፦ ጋሼ፣ ፎርድ የለኝም። የአባቴ ቮልስ ግን የሚታጠፍ የጨርቅ ጣራ አለው፣ ውሃ ያስገባል። በዚሁ ዘዴ ይደፈናል?

መልስ፦ ይደፈናል፣ ሥራህም ከእነዚህ ሁሉ ይቀላል። ከሌላ ጣራው ድፍን ከሆነ ቮልስ ብትቆርጥ ጉብጠቱ ያው ነው። ግን መጀመሪያ ጨርቁንና የውሃ መውረጃውን አስፈትሽ። የጨርቅ ጣራ ያለው ቮልስ ፈላጊው ብዙ ነው። ዓመቱን ጻፍልኝ፤ ካላወቅኸው የመስኮቶቹን መጠን እይልኝ፣ ዓመቱን ይጠቁማል። ከ1964 ሞዴል ጀምሮ ጨርቁ በብረት ተንሸራታች ተተክቷል። የአንተ ከዚያ የሚቀድም ከሆነ እኔ አልደፍነውም።