ጋዝ ሻጯ ግብፅ ለምን ጋዝ አጠራት?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በሶማሌ ክልል ስላለው የካሉብ ጋዝ በተጨዋወትን ቁጥር አንድ ወዳጄ «ጋዙ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ የመብራት ችግራችንም አብሮ ይቀረፋል፤ ግብፅን ተመልከት» ይለኛል። እኔ ደግሞ ግብፅ በሙቀት ወራት መብራት በፈረቃ ስታጠፋ እንደነበር ሰምቻለሁ። ጋዝ የምትሸጥ አገር እንዴት ጋዝ ያጥራታል? (አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ግብፅ ጋዝን አቀዝቅዘው ወደ ፈሳሽ የሚለውጡትን የዳሚየታንና የኢድኩን ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ አስጀምራ የረጅም ጊዜ የሽያጭ ውል ገባች፤ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በባሕር ሥር በተዘረጋ ቧንቧ ለእስራኤል ትልክ ነበር። በዚያው ጊዜ ግን መንግሥት ለኃይል ማመንጫዎችና ለፋብሪካዎች ጋዝ በድጎማ ዋጋ ያቀርብ ስለነበር የአገር ውስጥ ፍጆታው በየዓመቱ አሻቀበ። ለአምራቾቹ የሚከፈለው ዋጋ ዝቅተኛ ነበር፤ እሱም ቢሆን በወቅቱ አይከፈልም፤ የውጭ ኩባንያዎች ውዝፍ በአንድ ወቅት ከ6 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ስለነበር አዲስ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚጓጓ ጠፋ። በእኛ ግምገማ የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው፦ ለውጭ ገዢ በውል የተሸጠው ጋዝ ለአገር ውስጥም በርካሽ ቃል ተገብቶበት ነበር።

ምርቱ ሲቀንስ መንግሥት ለአገር ውስጥ ቅድሚያ ሰጠ። የእስራኤሉ ውል በ2012 ተቋረጠ፣ የዳሚየታው ፋብሪካም ጋዝ አጥቶ ቆመ፤ ዋነኛ ባለድርሻው የስፔን ኩባንያም በ2018 በግልግል ዳኝነት 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተፈረደለት።

በ2015 የተገኘው ግዙፉ የዞህር የባሕር ጋዝ እፎይታ አምጥቶ፣ በ2018 አገሪቱ ራሷን መቻሏን አወጀች። ይሁንና በ2020 ያው የእስራኤል ቧንቧ አቅጣጫውን ቀይሮ ጋዝ ወደ ግብፅ ያስገባ ጀመር (የቀድሞዋ ሻጭ በራሷ መስመር ገዢ ሆነች ማለት ነው)። በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ የአውሮፓ ዋጋ ሲንር፣ በነሐሴ 2022 የካይሮ መንግሥት ለውጭ የሚሸጥ ጋዝ እንዲተርፍ የመንገድና የገበያ ማዕከላት መብራት እንዲቀነስ ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት የዞህር ምርት በማሽቆልቆሉና ሙቀቱ በመበርታቱ መብራት በፈረቃ መጥፋት ጀመረ፤ በ2024 ደግሞ ፈሳሽ ጋዝ በመርከብ ወደ መግዛት ተመለሰች።

ወዳጅዎ አንድ ነገር ስተዋል። የግብፅ መብራት በአብዛኛው በጋዝ ሲመነጭ የእኛው ግን በዋነኛነት ከውኃ የሚገኝ በመሆኑ፣ የካሉብ ጋዝ መሸጥ ወይም አለመሸጥ የቤታችንን መብራት በቀጥታ አይነካም። የሚነካው ማዳበሪያውን ነው፤ በ2025 በጎዴ እንዲገነባ ስምምነት የተፈረመበት የዩሪያ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃው ይኸው የሶማሌ ክልል ጋዝ ነውና። ስለዚህ በሚቀጥለው ጨዋታችሁ ስለ መብራቱ ከመከራከር ይልቅ ለጎዴ የሚመደበው ጋዝ መጠን ከማንኛውም የውጭ ሽያጭ ውል በፊት በጽሑፍ ይወሰን እንደሆነ ቢወያዩበት ይሻላል።