በባለጸጋው ሜዳ ላይ ለምትከራከሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

አሜሪካ ውስጥ ምርጫ በደረሰ ቁጥር «አንድ ቢሊየነር ምርጫ መግዛት ይችላል ወይስ አይችልም?» እያላችሁ ስትከራከሩ ታመሻላችሁ። ጥያቄው እንዲህ ሰፍቶ ሲቀርብ መቋጫ የለውም። ገንዘቡ በየት በር እንደሚገባ፣ እናንተ መቼ እንደምታዩትና ስልኩ ላይ ያለው የእናንተ ጣት ምን እንደሚጨምርለት ብትጠይቁ ግን መልስ አለው። የ2024ቱን የፕሬዝዳንት ምርጫ ይዘን እንየው።

በዚያ ዓመት አንድ ሰው በቀጥታ ለአንድ ዕጩ መስጠት የሚችለው ለአንድ ምርጫ 3,300 ዶላር ብቻ ነበር። በ2010 የተሰጡ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ግን በጎን ሌላ በር ከፍተዋል፤ ሱፐር ፓክ የሚባለው ኮሚቴ ወጪውን ከዕጩው ጋር እስካልተመካከረበት ድረስ ያለ ገደብ ተቀብሎ ያለ ገደብ ማውጣት ይችላል። በማርች 2024 የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን የቤት ለቤት ቅስቀሳን ተመካክሮ መሥራትም እንደሚቻል አስታወቀ። ቢሊየነሩ ኢሎን መስክ አሜሪካ ፓክ የሚባለውን የራሱን ሱፐር ፓክ ያሰማራው ይህ መንገድ ከተከፈተ በኋላ ነው። በዚያ ምርጫ ያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ከ250 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል።

ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ኮሚቴዎች ከምርጫው በፊት የሚያቀርቡት የመጨረሻ መደበኛ ሪፖርት የሚሸፍነው እስከ ኦክቶበር 16 ያለውን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የገባ መዋጮ ሙሉ ዝርዝሩ የሚታየው ዲሴምበር 5 ነው። ድምፅ የተሰጠው ኖቬምበር 5 መሆኑን አስታውሱ። በዚያ ክፍተት መካከል አር.ቢ.ጂ. ፓክ የሚባል ኮሚቴ ብቅ አለ። የፅንስ ማቋረጥ መብት ተሟጋች በነበሩት በሟቿ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ስም ምህጻር ተጠርቶ፣ ትራምፕ ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ የሚከለክል ሕግ እንደማይደግፉ የሚናገር ማስታወቂያ አሰራጨ። 20.5 ሚሊዮን ዶላሩን የሸፈነው መስክ መሆኑ የታወቀው ምርጫው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት ኮሚቴ ማስታወቂያ ቢያዘንብባችሁ፣ መጀመሪያ የተመሠረተበትን ቀን እዩ። በኮሚሽኑ ድረ ገጽ የኮሚቴውን ስም ስትጽፉ ይመጣላችኋል። የግለሰቦች መዋጮ የሚለው ክፍል ገብታችሁ የለጋሹን ስምና የ2 ዓመቱን የምርጫ ዘመን ምረጡ፤ ከዚያ በገንዘቡ መጠን ደርድሩት። ባለጸጋ ብዙ ጊዜ በአደራ ድርጅት ወይም በኩባንያ ስም ስለሚሰጥ፣ በስሙ ካላገኛችሁት በኮሚቴው በኩል ሞክሩ። ለጋሹ ራሱ ለትርፍ ያልተቆመ ማኅበር ሆኖ ከተገኘ ዱካው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ያም በራሱ የሚነግራችሁ ነገር አለ።

ፊርማ የማሰባሰቡም ነገር አለ። አሜሪካ ፓክ በሰባት ወላዋይ (ወደ የትኛው ወገን እንደሚያዘነብሉ አስቀድሞ በማይታወቅ) ግዛቶች የሚኖር የተመዘገበ መራጭ አምጥቶ አቤቱታ ላስፈረመ ሰው 47 ዶላር፣ በፔንሲልቬንያ ደግሞ 100 ዶላር እከፍላለሁ አለ። ከኦክቶበር 19 ጀምሮም በየቀኑ ለአንድ ፈራሚ 1 ሚሊዮን ዶላር እየሰጠ ቆየ። የፊላደልፊያ ዐቃቤ ሕግ ከሶ ነበር። የመስክ ጠበቃ ተሸላሚዎቹ በዕጣ የሚለዩ አለመሆናቸውን በችሎት ተናገረ፤ ዳኛውም አላስቆመውም። ለድምፅ ወይም ለመመዝገብ መክፈል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለፊርማ መክፈል ግን፣ ፈራሚው ቀድሞ የተመዘገበ መሆን ስላለበት፣ ይህን ክልከላ መጣስ አለመጣሱ አከራካሪ ነበር። በዚህም የተሰበሰበው ስም፣ አድራሻና ስልክ ለቀስቃሾች ዝርዝር ሆነ። ከሰባቱ ግዛቶች ጆርጂያና ኔቫዳ ይገኙበታል፤ አትላንታና ላስ ቬጋስ ያላችሁ ልጆቻችን ይህ በቀጥታ ይመለከታችኋል። በተለይ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ገንዘቡን አይቶ እንዳይመዘገብ፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፣ ከአገር እስከ መባረርም ያደርሳል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ጣታችሁ ልምጣ። መስክ ትዊተርን በ2022 በ44 ቢሊዮን ዶላር ከገዛ በኋላ፣ በ2023 ድርጅቱ ጽሑፍ የሚያስቀድምበትን ቀመር ከፊሉን ይፋ አውጥቶ ነበር። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ነገር የማድረግ ዕድላችሁን ይገምትና በተወሰነ ቁጥር ያባዛዋል። በወቅቱ የላይክ ቁጥር 0.5፣ የሪትዊት 1፣ የምላሽ 13.5 ነበር፤ ጸሐፊው መልሶ ከተሳተፈበት ደግሞ 75። በአንጻሩ «ይህን አልፈልግም» ማለትን የመሰለ እርምጃ 74 ይቀንሳል፣ ሪፖርት ማድረግ 369። ቁጥሮቹ ከዚያ ወዲህ ተቀይረው ሊሆን ይችላል፤ ምላሽ ከላይክ ሃያ ሰባት እጥፍ የተመዘነበት ሐሳብ ግን ይገባችኋል። «ውሸታም!» ብላችሁ ስትጽፉለት ቀመሩ ቁጣችሁን ከድጋፍ አይለይም፤ ጽሑፉን ለሌላ ሺህ ሰው ይገፋላችኋል። መልስ መስጠት ካለባችሁ እውነቱን በራሳችሁ ገጽ ለብቻው ጻፉ፤ ዋናውን ጽሑፍ አታያይዙ፣ ግድ ከሆነ ስክሪንሾት ይበቃል። ስትከፍቱም «ፎር ዩ»ን ትታችሁ «ፎሎዊንግ» የሚለውን ተጫኑ፤ ቢያንስ የመረጣችሁት ሰው ይቀርብላችኋል።

ሆኖም ከማታውቁት ባለጸጋ ይልቅ የምታውቁት ሰው እንደሚያንቀሳቅሳችሁ የታየው ቀደም ብሎ ነው። ፌስቡክ በ2010ሩ የአሜሪካ ምክር ቤት ምርጫ ቀን 61 ሚሊዮን ሰዎች ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። «ዛሬ ምርጫ ነው» የሚል መልእክት ብቻ ያዩት ሰዎች ካላዩት በበለጠ አልመረጡም። የመረጡ ጓደኞቻቸውን ፎቶ አብረው ያዩት ግን ወጡ፤ ተመራማሪዎቹ ወደ 340,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ድምፅ ገምተዋል፣ አብዛኛው በጓደኛ በኩል የመጣ። እንዲህ ያለውን መልእክት ለማን እንደሚያሳይ የሚወስነው አንድ ኩባንያ መሆኑ ሊያስጨንቀን ይገባል። በሌላ በኩል ያው ጉልበት በቤተሰብ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ በእናንተ እጅ አለ። አክስታችሁ በአማርኛ የተተረጎመ የሐሰት ቪዲዮ ብትልክ በግሩፑ ፊት አታዋርዷት፤ በግል ደውሉላት፣ ከየት እንዳገኘችው ጠይቋት፣ ትክክለኛውን ምንጭ ላኩላትና ራሷ እንድታርመው ተዉላት። ከእሷ የመጣ እርማት ከእናንተ ይልቅ ይሰማል።

ተስፋ ቆርጣችሁ «ሁሉም በገንዘብ ነው» ብላችሁ እቤት እንዳትቀሩ። መስክና ከእሱ ጋር የተያያዙ ቡድኖች በ2025 ለዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ምርጫ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ፤ እሱ የተቃወማት ሱዛን ክሮፎርድ በ10 ነጥብ ገደማ አሸነፈች። የቴክኖሎጂ ባለጸጋው ፒተር ቲል በ2022 ለሴኔት የተወዳደሩትን ጄ.ዲ. ቫንስንም ብሌክ ማስተርስንም ለመደገፍ በሚሊዮኖች ሰጥቶ ነበር፤ ቫንስ ኦሃዮን ሲያሸንፍ ማስተርስ አሪዞና ላይ ተሸነፈ። ነገሩ የአንድ ወገን ብቻም አይደለም፤ ከፌስቡክ መሥራቾች አንዱ ደስቲን ሞስኮቪትዝ በ2024 ለዴሞክራቶቹ ወገን በአሥር ሚሊዮኖች ሰጥቷል። ባለጸጋው እናንተ ከምትደግፉት ወገን ሲሆንም መዝገቡን ማየት አትተዉ።

በመጨረሻ ስለ ቀን። በ2024 ክረምት ባይደን ከውድድሩ እንደወጡ፣ ግሮክ የሚባለው የኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ጥያቄ መላሽ ሮቦት በዘጠኝ ግዛቶች ዕጩ የማስመዝገቢያ ቀን አልፏል እያለ ይመልስ ነበር። ስሕተት ነበር። አምስት የግዛት ጸሐፊዎች (በየግዛታቸው ምርጫን የሚመሩ ባለሥልጣናት) ለመስክ ደብዳቤ ጽፈው ከጠየቁ በኋላ ነው ሮቦቱ ስለ ምርጫ የሚጠይቁትን ወደ መንግሥት ድረ ገጽ መላክ የጀመረው። የምዝገባ ቀንን፣ የድምፅ መስጫ ጣቢያን፣ በፖስታ የሚላከውን ድምፅ መመለሻ ቀን የግዛታችሁ ጸሐፊ ቢሮ ወይም የካውንቲው ምርጫ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ ብቻ አረጋግጡ፤ ለወላጆቻችሁም በአማርኛ ጽፋችሁ ከገጹ አድራሻ ጋር ላኩላቸው።