ሰፈር ለሰፈር የምትነዳ ናፍጣ መኪና እና የዲፒኤፍ መብራት

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። የምትኖሪው ኮዬ ፈጬ ነው። ጠዋት ልጆቹን እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ታደርሻለሽ፣ ከዚያ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ሱቅሽን ትከፍቻለሽ፣ ማታ በዚያው መንገድ ትመለሻለሽ። መኪናሽ ከአውሮፓ የመጣች ናፍጣ ናት። ሰሞኑን የዲፒኤፍ (የጭስ ፊልትሮው) ቢጫ መብራት በርቶ አልጠፋ አለ። መካኒክሽ «ቆርጠን እንጣለውና ተገላገይ» አለሽ። ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?

አይቆረጥ። እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው። ዲፒኤፍ ያላት ናፍጣ መኪና አለችኝ፤ የኔም ውሎ በአብዛኛው ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ነው። የዚህን ፊልትሮ ጠባይ ለዓመታት ስከታተል ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ዲፒኤፍ ከሞተሩ ወደ ማርሚታው በሚሄደው መስመር ላይ የተቀመጠ የሴራሚክ ፊልትሮ ነው። ጭሱ በፊልትሮው ግድግዳ ሰርጎ ያልፋል፣ ጥላሸቱ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ መሙላቱ ብልሽት አይደለም፤ የተሠራው ለዚሁ ነው። ሲሞላ ደግሞ ጥላሸቱን እዚያው አቃጥሎ ራሱን ያጸዳል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ጭሱ ራሱ ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ስለሚግል ጥላሸቱ ቀስ በቀስ እየተቃጠለ ይሄዳል፤ ሰውየው ምንም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። አጭር መንገድ ለሚነዳ ሰው ግን ሥራው የመኪናዋ ኮምፒውተር ነው። ጥላሸቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ያስረጫል፣ ፊልትሮው ወደ 600 ዲግሪ ይግላል፣ ጥላሸቱም ይቃጠላል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል።

ያንቺ ጉዞ ግን ከዚያ በፊት ያልቃል። ኮምፒውተሩ ማቃጠል የሚጀምረው የሞተሩ ውሃ በደንብ ሲሞቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከኮዬ ተነስተሽ ትምህርት ቤቱ በር ስትደርሺ ገና ለብ ብሎ ይሆናል። ማታ ደግሞ ማቃጠል ሲጀምር ቤትሽ ደርሰሽ ሞተሩን ታጠፊያለሽ። ምጣዱ ሊግል ሲል እሳቱን እንደማጥፋት ነው። በማግስቱ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይቋረጣል። ጥላሸቱ ግን እየተጠራቀመ ነው።

በኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚያባብስ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ናፍጣ አየር ካነሰው ጥላሸት ያበዛል። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ አብዛኛውን ይክሳል፤ ነገር ግን ወደ ቱርቦ የሚሄደው ቱቦ ትንሽ ካፈሰሰ ወይም የአየር ፊልትሮው ከታፈነ መካሻ የለውም። እናንተ ሰፈር ደግሞ አቧራው ይታወቃል። የአየር ፊልትሮሽን አውጥተሽ እዪው። በጣም ርካሽ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዲፒኤፍ ሲያስቆርጥ እንኳ ይህን አያይም።

አሁን መኪናሽ እያቃጠለች መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ቆመሽ ሳለ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጪ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከወትሮው ከፍ ይላል። ስትቆሚ ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋና የሚያስነሳ ሲስተም ካላት መሥራት ያቆማል። የናፍጣ ፍጆታው ድንገት ይጨምራል። የተቃጠለ ነገር ሽታ ይመጣል። ሞተሩን ካጠፋሽ በኋላ ፋኑ ጮክ ብሎ መዞሩን ይቀጥላል። የኔዋ ሰፈር ስትደርስ ሚኒሞዋ ከፍ ካለ በር ላይ አላቆማትም። ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሄጄ፣ ሚኒሞው ወደ ቦታው ሲመለስ ነው የምገባው። ይህችን ልማድ ከያዝኩ ወዲህ መብራቱ አስቸግሮኝ አያውቅም። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ደርሰን ወዴት ነው የምትሄደው?» ትለኝ ነበር፤ አሁን ፋኑን ስትሰማ እሷ ናት የምታስታውሰኝ።

ላንቺ ደግሞ እግዚአብሔር መንገዱን በርሽ ላይ አድርጎልሻል። የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚያው ቱሉ ዲምቱ ነው። መብራቱ ቢጫ ሆኖ ሳይርገበገብ የቆመ ከሆነና ሌላ መብራት ካልበራ፣ ቅዳሜ ማለዳ መኪና ሳይበዛ ውጪ። መጀመሪያ ሞተሩ ሰፈር ውስጥ በቀስታ ይሙቅ። መንገዱ ላይ ስትወጪ ፍጥነትሽን ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር አድርጊና ሳታቋርጪ ንጂ። ከፍጥነቱ ይልቅ የሞተሩን ዙር ተከታተዪ፤ ከ2,000 እስከ 2,500 ቢሆን ጥሩ ነው። በመጨረሻው ማርሽ ዙሩ ከዚያ ካነሰ አንድ ማርሽ ቀንሺ። አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን በእጅ ያዢው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በዚህ ሁኔታ መሄድ አለብሽ፤ ቢሾፍቱ ወጥተሽ መመለስ ይበቃል።

እዚህ ላይ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቢሾፍቱ መንገዱ ቁልቁል ያደላል። ቁልቁል ስትወርጂ ሞተሩ ሸክም የለበትም፣ ጭሱም ያን ያህል አይግልም። እውነተኛው ሙቀት የሚመጣው ስትመለሺ ነው፣ ዳገቱን ስትወጪ። ስለዚህ ስትሄጂ መብራቱ ካልጠፋ «አልሠራም» ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ቢሾፍቱ ላይ ቡና ልጠጣ ብለሽም ሞተሩን አታጥፊ፤ ቡናው ለሌላ ቀን ይቆይ። ሱሉልታና እንጦጦ በኩል የምትኖሩ ደግሞ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ያለው ዳገት ላይ ዝቅ ባለ ማርሽ መውጣት ይረዳችኋል። ግን ዳገቱ አጭር ስለሆነ ከጫፉ በኋላም ወደ ጫንጮ አቅጣጫ ቀጥሉ።

ከመውጣትሽ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንደኛው ናፍጣ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ታንከሩ ከሩብ በታች ከሆነ ወይም የነዳጅ መብራቱ ከበራ ኮምፒውተሩ ማቃጠል አይጀምርም። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ ብዙዎቻችን በትንሽ ናፍጣ እንቆያለን፤ ፊልትሮው የሚሞላውም ያኔ ነው። ሰልፉን ሽሽት በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ መግዛትም ለዚህች መኪና አይሆንም። ምን እንደተቀላቀለበት አታውቂም፤ ናፍጣ የሚረጨው ኢንጄክተር ከተጎዳ ጥላሸቱ ይብሳል።

ሁለተኛው የሞተር ዘይት ነው፤ ይሄኛውን አደራ። ማቃጠሉ በተቋረጠ ቁጥር የተረጨው ናፍጣ የተወሰነው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። መለኪያውን አውጥተሽ እዪው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ፈጣን መንገድ ላይ አትውጪ፤ መጀመሪያ ዘይቱ ይቀየር። የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል፣ ከመጠን በላይ ሲሆን ደግሞ ሞተሩ ራሱ ዘይቱን ስቦ ሊያቃጥልና ከቁጥጥር ውጪ ሊሆን ይችላል። ስታስቀይሪም አመድ የማያበዛ፣ በጣሳው ላይ ሲ2 (C2) ወይም ሲ3 (C3) የሚል ዘይት ጠይቂ፤ ለመኪናሽ የትኛው እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ። ጥላሸት ይቃጠላል፣ የዘይት አመድ ግን አይቃጠልም። ፊልትሮውን ውሎ አድሮ የሚገድለው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እያቃጠለች ሳለ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ላይ አታቁሚያት። እኛ ዳር ሰፈር የምንኖር በመኸር ወቅት ገለባ በየመንገዱ ነው፤ የመኪናዋ ሆድ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ መብራቱ ካልጠፋ፣ ወይም መርገብገብ ከጀመረ፣ ወይም የሞተር መብራት ከተጨመረና መኪናዋ አልሄድ ካለች፣ ደጋግመሽ ፈጣን መንገድ አትውጪ። ያኔ ስካን፣ ማለትም የመኪናዋን ኮምፒውተር በመሣሪያ ማስነበብ፣ ነው የሚያስፈልገው። ኮዱን አጥፍቶ የሚሰጥሽ ሳይሆን ቁጥሮቹን የሚያነብልሽ ባለሙያ ፈልጊ። በግራም የተሰላው የጥላሸት መጠን ስንት ነው? ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ስንት ነው? ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ ሳለ ልዩነቱ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ካልሆነ ጥፋቱ የግፊት ሴንሰሩ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ጋራዥ ሄጄ «ሞቷል፣ ይቆረጥ» ተባልኩ። ሌላ ባለሙያ ጋ ስወስዳት ከፊልትሮው ወደ ግፊት ሴንሰሩ ከሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች አንዱ ተሰንጥቆ አገኘው። ፊልትሮው ደህና ነበር። ቱቦው ተቀየረ፣ ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ማንበብ ጀመረ፣ አለቀ። ከቱቦው ሌላ የማይዘጋ ቴርሞስታትም አለ፤ ሞተሩን እንዳይሞቅ ያደርገዋል። የቆሸሸ ኢጂአር (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቭ) እና የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተርም ጥላሸት ያበዛሉ። ፊልትሮው ብዙውን ጊዜ የሚሞላው በሌላው ጥፋት ነው። ያ ሳይስተካከል አዲስ ፊልትሮ ብትገዢም ይሞላል።

ጥላሸቱ ገደቡን ካላለፈ ባለሙያው በኮምፒውተር አስገድዶ ማቃጠል ይችላል፤ ሜዳ ላይ፣ መኪናዋ ቆማ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ ነው የሚሠራው። ከዚያ በኋላ ዘይቱን ማስቀየር ጥሩ ነው። ገደቡን ካለፈ ግን አስገድዶ ማቃጠል ሴራሚኩን ሊያቀልጠው ወይም ሊሰነጥቀው ስለሚችል ፊልትሮው ወጥቶ ነው የሚጸዳው። ላቫጆ ወስደሽ በኃይለኛ ውሃ አታስመቺው። ሴራሚኩ ተሰባሪ ነው።

ወደ መቁረጡ ልመለስ። ፊልትሮው ብቻ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ካልተስተካከለ፣ ኮምፒውተሩ የሌለ ፊልትሮ ለማጽዳት ናፍጣ ማስረጨቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ዘይትሽ መበላሸቱን አያቆምም። ኮምፒውተሩ ቢስተካከልም ጥላሸቱ የትም አይጠፋም፣ በማርሚታው ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ መኪኖች ተደርድረው ሞተራቸው ሲሠራ ልጆቹ በመካከላቸው ነው የሚያልፉት፤ ቁመታቸውም ከማርሚታው ብዙ አይርቅም። እኔ በዚህ ጉዳይ መከራከር አልፈልግም፤ ልጅ ያለው ሰው መቁረጥ የለበትም ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ማሞቅም ይቅር፤ ጥላሸት ብቻ ነው የሚጨምረው። አስነስተሽ ወዲያው በቀስታ ንጂ። ልጆቹን የምታደርሺበት መንገድ በእግር የሚቻል ከሆነ መኪናዋን ለሱቅ ዕቃ ቀን አቆዪያት። ውሎሽ ለዘለቄታው ይኸው ከሆነና በወር ሁለት ሦስቴ እንኳ ረጅም መንገድ የማትወጪ ከሆነ ግን ይህች መኪና ላንቺ አይደለችም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለቀረ መቀየሩ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ለሰፈር ውስጥ ሩጫ ቤንዚን ወይም ኤሌክትሪክ ይሻልሻል። ናፍጣዋን ወደ ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ሰው ቢገዛት ፊልትሮዋ አያስቸግረውም።

ቅዳሜ ከቢሾፍቱ ስትመለሺ መብራቱ ጠፍቶ እንደሆነ ጻፊልን። ካልጠፋ የስካኑን ቁጥሮች፣ ሞተሩ ጠፍቶ ያለውን ግፊትና የጥላሸቱን ግራም፣ ከመኪናዋ ሞዴልና ዓመት ጋር አስቀምጪ። እሱን አይተን ሴንሰሩ ይሁን ፊልትሮው ለመለየት እንሞክራለን።