ፕሮባዮቲክ ከጉንፋን ያድናል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ልጄ ሕፃናት ማቆያ ከገባች ጀምሮ ጉንፋን አልለቃትም፤ ፕሮባዮቲክ ቫይረስ የመከላከል አቅም ይጨምራል ሲባል ሰማሁ፤ ልጀምርላት ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔም በዚያው መንገድ ስላለፍኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ፕሮባዮቲክ ማለት ለጤና ይጠቅማሉ ተብለው የሚወሰዱ ሕያው ባክቴሪያዎች ናቸው። ሐኪም አይደለሁም። ልጅ ያሳደግኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ እናት ነኝ።

የኔ ልጅ ማቆያ የገባበት ዓመት አፍንጫው ደርቆ አያውቅም። አንዱ ጉንፋን ሲለቀው ሌላው ይቀበለዋል። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ወዳጄ የፕሮባዮቲክ ዱቄት መከረችኝና ጀመርኩለት። ማታ ማታ አንድ ፓኬት ወተቱ ውስጥ። የዚያን ዓመት የታመመው ሦስቴ ብቻ ነው። እኔም ላገኘሁት ሁሉ «ይሄ ነገር ጉድ ነው» እያልኩ ሳወራ ከረምኩ።

አንድ ማታ መነጽሬን አድርጌ የእሽጉን ጀርባ አነበብኩት። «ከትኩስ ነገር ጋር አይቀላቀል» ይላል። እኔ እኮ እንፋሎቱ እየተነነ ነው የማማስለው! ለካ ያን ሁሉ ወር የሞተ ባክቴሪያ ሳጠጣው ነው የኖርኩት።

ታዲያ ለምን ተሻለው? አንድ ዓመት አድጓላ። ማቆያው ውስጥ ከሚዞሩት ቫይረሶች ብዙዎቹን በመጀመሪያው ዓመት ቀምሷቸዋል። (የሞተውም ባክቴሪያ ሊጠቅም ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ፖስትባዮቲክ የሚል ስምም ሰጥተውታል። እኔ ግን ጥፋቴን መሸፈኛ እንዳላደርገው ብዬ ትቼዋለሁ።)

ይህን ስልሽ ነገሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አንጀታችን አካባቢ ብዙ የመከላከያ ሕዋሳት ሰፍረዋል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከምግብ የተረፈውን ፋይበር ሲያብላሉ ቡቲሬትን የመሰሉ አሲዶች ያመርታሉ። እነዚህ የአንጀትን ግድግዳ ያጠነክራሉ፣ የመከላከያ ሕዋሳቱንም አደብ ያስገዛሉ። ጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል በደንብ እንዲመረትም ያግዛሉ። «አንጀትና ሳንባን ምን አገናኛቸው?» ትዪ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት አይጦች ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ተሰጥቷቸው የአንጀታቸው ባክቴሪያ ከተመናመነ በኋላ ኢንፍሉዌንዛ ሲይዛቸው፣ ሳንባቸው ቫይረሱን የሚከላከልበት አቅም ደክሞ ተገኝቷል። ግንኙነት አለ ማለት ነው። ግን አይጥ አይጥ ነው።

ሰው ላይስ? ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ20 በላይ ሙከራዎችን አሰባስቦ አይቷል። ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት መካከል ቢያንስ አንዴ ጉንፋንና መሰል በሽታ የያዛቸው ሰዎች ቁጥር አነስ ብሏል። ሲይዛቸውም የሚቆይባቸው ጊዜ አንድ ቀን ገደማ አጥሯል። የማስረጃው ጥንካሬ ግን ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ ነው ይላሉ ራሳቸው። ተቅማጥ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች፣ ተቅማጥና ትውከት ይዟቸው ድንገተኛ ክፍል ለመጡ ሕፃናት ፕሮባዮቲክ ሰጥተው አንዳች ልዩነት አላገኙም። ሁለቱም የተለያዩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሞከሩት። «ፕሮባዮቲክ ይሠራል ወይ?» ማለት እኮ «መድኃኒት ይሠራል ወይ?» እንደ ማለት ነው። የትኛው? ለምን? ለማን?

ስለዚህ ለመግዛት ከወሰንሽ ስሙን እስከ መጨረሻው አንብቢ። «ላክቶባሲለስ» ብቻ ከሆነ ምንም አልነገረሽም፤ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ» እንደሚለው ዝርያው ተለይቶ መጻፍ አለበት። የባክቴሪያው ብዛት የተጻፈው ሲመረት የነበረው ነው ወይስ እስከ ማብቂያው ቀን የሚቆየው? ልዩነቱ ሰፊ ነው። አቀማመጡንም እዩት፣ ፍሪጅ የሚፈልግ አለ፣ የማይፈልግም አለ። ትኩስ ነገር ውስጥ እንዳትጨምሪ፣ እንደኔ እንዳትሆኚ። ሐኪም አንቲባዮቲክ ካዘዘላት ሁለቱን አንድ ላይ አትስጪያት፣ ሰዓት አራርቂ።

አንድ ነገር ግን ሳልቀልድ ልንገርሽ። ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን፣ የመከላከል አቅሙ በበሽታ ወይም በመድኃኒት ለደከመ ልጅ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጥም። ባክቴሪያው ሕያው ነው፣ ደም ውስጥ ከገባ ሊገድል ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ያለጊዜያቸው ስለተወለዱ ሕፃናት ያስጠነቀቀው አንድ ሕፃን በዚህ ሞቶ ነው። ክትባቷንም በዚህ እንዳትተኪው።

እኔ ብሆን? ጤነኛ ልጅ ከሆነች ለሦስት ወር እሞክራለሁ፣ የታመመችበትን ቀን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ለውጥ ካላየሁ እተወዋለሁ። ለውጥ ባይም ቶሎ ለሰው አላወራም፤ አንዴ አውርቼ አፍሬያለሁ። እስቲ ዕድሜዋን ንገሪን። ልትገዢ ያሰብሽውንም ፎቶ አንሺና ለጥፊልን። ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን።