አንቲባዮቲኩ ሲያልቅ የጊኒ ፒጌ ሽንት ደም የሚቀላቅለው ለምንድን ነው?

መድኃኒት ከመለወጥዎ በፊት የፊኛዋን ራጅ ያስነሡ። ደሙ አንቲባዮቲክ ባለቀ ቁጥር የሚመለስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጠጠር ነው። የጊኒ ፒግ ጠጠር በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ በራጅ ጎልቶ ይታያል፤ ምግብ በመቀየር ግን አይሟሟም። በራሱ የማይወጣ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ራጁ ምንም ካላሳየ ሽንቷ በላቦራቶሪ ለባክቴሪያ ይመርመር፤ መድኃኒቱም በውጤቱ ይመረጥ። (ሽንቷ ነጣ ብሎ መደፍረሱ ብቻውን በሽታ አይደለም።)

ካደገች አልፋልፋ (ካልሲየም የሚበዛበት የመኖ ተክል) ይቅርባት፤ የሣር ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ አይለያት። ካልሲየም እቀንሳለሁ ብለው ቫይታሚን ሲ እንዳያስቀሩባት፣ ሰውነቷ አይሠራውም።

ሰዎች ሲያደርጉት ደጋግሜ ያየሁት አደገኛ ነገር አለ፦ ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን በአፍ መስጠት። የአንጀቷን ባክቴሪያ አዛብቶ ሊገድላት ይችላል። እያማጠች ሽንት ጠብ ካላለ ደግሞ ለነገ አያሳድሩ፣ ወዲያውኑ ሐኪም ጋር ይውሰዷት።